የባሕር ዳር የቴክኒክ ትምህርት ታሪክና የኮምፒዩተር ሠልጣኞች ውጤታማነት

መግቢያ

በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆቻችን የኮምፒዩተር ሙያ ከሚፈለጉት የሥልጠና ዘርፎች አንዱ ከሆነ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሃርድዌርና የኔትወርክ ጥገና፣ የዳታቤዝ አስተዳደር፣ የድረ ገጽና የመልቲሚዲያ ዝግጅት በሚባሉት ሙያዎች የሚመዘገቡት ወጣቶች ሥልጠናቸውን ሲፈጽሙ የሙያ ብቃት ምዘና ይጠብቃቸዋል። በምዘናው ጊዜ ሠልጣኙ የሚጠየቀው ያጠናውን እንዲናገር ብቻ ሳይሆን ሥራውን በእጁ ሠርቶ እንዲያሳይም ነው። ስለዚህ የሥልጠና ጊዜውን ማስታወሻ በመገልበጥ ያሳለፈ ወጣት ከኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀርብ መደናገሩ አይቀርም። ምዘናውን ሳያልፍ ቢቀር ደግሞ ጉዳቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ልኮ፣ የቤት ኪራይና ቀለብ ችሎ ያስተማረው ቤተሰብም አብሮ ይጎዳል።

ይህ ችግር በተነሣ ቁጥር ዘወትር የሚሰጠው ምክንያት የመሣሪያና የኢንተርኔት እጥረት ነው። እጥረቱ መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ከስልሳ ዓመት በላይ የቴክኒክ ትምህርት ሲሰጥባት የኖረችውን የባሕር ዳርን ታሪክ ለመረመረ ሰው ይህ ምክንያት ብቻውን በቂ ሆኖ አይታየውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ታሪክ ባጭሩ በመዳሰስ፣ አንድ የትምህርት መሣሪያ ለተማሪው የሚጠቅመው መምህሩ በፈለገው ጊዜ ሊያቆመውና ሊደግመው፣ ተማሪውም በእጁ ሊሞክረው ሲችል መሆኑን ማስረዳት፤ ከዚያም የድረ ገጽ ቴክኖሎጂ ይህን ሁኔታ በምን አኳኋን ሊያሟላ እንደሚችል ማመልከት ነው።

1. ሁለት ተቋማት በአንድ ሐይቅ ዳርቻ

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዐባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ሥፍራ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ የከተማዋ መልክ በፍጥነት ተለወጠ። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ፋብሪካና ኤሌክትሪክ ባሉበት ሥፍራ ሁሉ መኪናውን የሚያንቀሳቅስ፣ ሲበላሽም የሚጠግን ባለሙያ ማስፈለጉ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት መንግሥታት መካከል በተደረገው የቴክኒክ ትብብር በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት የተነሣውም ይህን የመሰለውን ፍላጎት ለማሟላት ነው። ኢንስቲትዩቱ በእርሻ መሣሪያዎች ቴክኒክ፣ በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ በብረታ ብረት፣ በጨርቃ ጨርቅና በኤሌክትሪክ ሙያ ቴክኒሺያኖችን ያሠለጥን ነበር። የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ማዕከሉ ወርክሾፑ ነው። ብረት መሞረድ የሚማር ተማሪ ሞረዱን ራሱ ካልያዘ ተማረ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ተቋም በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሦስትዮሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1972 ተመሥርቶ በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን የጀመረው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። የአካዳሚው ዓላማ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ከገጠሩ ኑሮና ልማት ጋር ለማዛመድ የሚችሉ፣ በብዙ መስክ የሚያገለግሉ የትምህርት ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ፖሊ ቴክኒኩ ስለ ሥራው ሲጨነቅ አካዳሚው ስለ ማስተማሩ ይጨነቅ ነበር ማለት ይቻላል፤ አንዱ «ምን ይሠራል?» ሲል ሌላው «እንዴት ይማሩታል?» ይል ነበር።

ሁለቱ ተቋማት ተዋሕደው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የከተማው ሰው ግን እስከ ዛሬ ድረስ ግቢዎቹን «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ይጠራቸዋል። ስሞቹ ተለያይተው መቅረታቸው ምንም ጉዳት የለውም። የሚጎዳው ሁለቱ ዕውቀቶች ሲለያዩ ነው። ኮምፒዩተር የሚያስተምር አሠልጣኝ የፖሊን እጅና የፔዳን ዘዴ በአንድነት ይፈልጋል፤ ሙያውን አሳምሮ እያወቀ የማስተማር ዘዴውን ያልተማረ፣ ወይም ዘዴውን እያወቀ ሙያውን በእጁ ያልሠራ አሠልጣኝ በሠልጣኙ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተመሳሳይ ነው።

2. መሣሪያው ከመምህሩ ሲቀድም

በሀገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት አገልግሎት መዋል ጀመረ፤ ሬዲዮም እንዲሁ በትምህርት ቤቶች ውስጥ ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ይሁን እንጂ በስፋቱም ሆነ በወጪው ከፍተኛ የሆነው ሙከራ «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራው፣ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ ለመላው ሀገር በአንድ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። የክፍሉ መምህር ድርሻ ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች ርእሱን ማስተዋወቅና ማጠቃለል ነበር።

የሙከራው ሐሳብ በጎ ነበር። በሩቅ ወረዳ የሚማረው ልጅ በዋና ከተማው ከሚማረው ጋር እኩል ትምህርት እንዲያገኝ፣ ላብራቶሪ የሌለው ትምህርት ቤትም ቢያንስ ሙከራውን በሥዕል እንዲያይ የታሰበ ነበር። ነገር ግን በምስሉ ላይ የሚያስተምረው መምህር ተማሪው አልገባኝም ቢል አይሰማውም፤ ጥያቄ ይጠይቅና ለመልሱ የሰጠው ጊዜ ሲያልቅ ማንም ባይመልስም ይቀጥላል። መብራት ሲቋረጥ ትምህርቱ ያልፋል፤ መብራቱ ሲመለስ ያለፈው አይመለስም። የክፍሉ መምህር ተማሪዎቹ ወደ ኋላ መቅረታቸውን በዓይኑ እያየ ሥርጭቱን ሊያቆመው አይችልም ነበር። በዘመኑ የቀረቡት ትችቶች ባመዛኙ ያተኮሩት በእነዚሁ ነጥቦች፣ ማለትም በትምህርቱ ፍጥነት፣ በቋንቋውና በመምህሩ ሚና መቀነስ ላይ ነበር።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሁለት ሌሎች የማስተማር ልምዶችን ማስታወስ ይጠቅማል። አንደኛው በዚሁ በጣና ዙሪያ ለዘመናት የቆየው የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። በዚህ ሥርዓት በአንድ መምህር ሥር ደረጃቸው የተለያየ ተማሪዎች ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ትምህርት ይቀጽላል፤ ያልያዘውን ሳይዝ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ ቀድሞ የዘለቀው ለኋለኛው ያስጠናል። ሁለተኛው በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960 የተጀመረው «ፕላቶ» የተባለው ኮምፒዩተርን ለማስተማሪያነት የማዋል ሥራ ነው። በፕላቶ እያንዳንዱ ተማሪ በመሣሪያው ፊት ሆኖ ለጥያቄው መልስ እየሰጠ በራሱ ፍጥነት ይራመድ ነበር። ሁለቱ በዘመንም በሀገርም እጅግ የተራራቁ ቢሆኑም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ትምህርቱ ተማሪውን ይጠብቀዋል።

3. የድረ ገጽ መምጣትና የግዕዝ ፊደል

ዛሬ ድረ ገጽ የምንለው አሠራር በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ይሠራ በነበረው በቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 የቀረበ ሐሳብ ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1993 አሠራሩን ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ፈቀደ። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ድረ ገጽ ከሌሎች የኮምፒዩተር ሥራዎች የሚለይበት ለአስተማሪ የሚያመች ጠባይ አለው። የተሠራበት ጽሑፍ አይደበቅም። ማንኛውም ተማሪ አንድን ገጽ ከፍቶ የተጻፈበትን ኤችቲኤምኤል ማየት፣ ቀድቶ መለወጥና የለውጡን ውጤት ወዲያውኑ መመልከት ይችላል። ከዚህ አንጻር ብራውዘር ለኮምፒዩተር ሠልጣኝ እንደ ወርክሾፕ ነው።

የቋንቋው ጉዳይ ግን ለብዙ ጊዜ እንቅፋት ሆኖ ቆይቷል። አማርኛ በኮምፒዩተር መጻፍ ከተጀመረ በኋላ «አጋፋሪ»፣ «ብራና»፣ «ቪዥዋል ግዕዝ»፣ «ፓወር ግዕዝ» የተባሉትን የመሳሰሉ ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች በጥቅም ላይ ውለዋል። እያንዳንዱ ለፊደሎቹ የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝ ፊደልን ስላካተተ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ አንድ ቋሚ ቁጥር ተወሰነለት። በዚህም ምክንያት ዛሬ ሠልጣኙ የመጀመሪያ ገጹን በአማርኛ ለመጻፍ የሚከለክለው ነገር የለም። የፕሮግራሙ ትእዛዞች እንግሊዝኛ ቢሆኑም ይዘቱና ማብራሪያው በሚያስብበት ቋንቋ ሊሆን ይችላል፤ ያልገባውንም በዚያው ቋንቋ ለመጠየቅ ይደፍራል።

4. ድረ ገጽ ያለ ኢንተርኔት

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ቫይረስ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ የትምህርት ተቋማት ዓይናቸውን ወደ ኢንተርኔት አዞሩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በኢንተርኔት ላይ ብቻ ተመሥርቶ የታቀደ ትምህርት ሁሉ አብሮ መቋረጡ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ ለዕቅድ አውጪዎች አንድ ነገር በአጽንዖት መገለጽ አለበት። ድረ ገጽና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ኢንተርኔት መንገድ ሲሆን ድረ ገጽ በመንገዱ ላይ ከሚሄዱት ጭነቶች አንዱ ነው። አንድ ገጽ በሠልጣኙ ኮምፒዩተር ውስጥ በተራ ፋይልነት ተቀምጦ በብራውዘር ይከፈታል። አንድ ደኅና ኮምፒዩተር ሰርቨር ሆኖ በአንድ ራውተር ከክፍሉ ኮምፒዩተሮችና ከሠልጣኞቹ ስልኮች ጋር ቢገናኝ ኮሌጁ የራሱ አነስተኛ ድር ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ሙድል» የተባለው ነጻ የማስተማሪያ ፕሮግራም በእንዲህ ያለ ሰርቨር ላይ ሊጫን ይችላል፤ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችለው «ኪዊክስ» ም እንዲሁ። በፕላዝማ ጊዜ ትምህርቱ ከሳተላይት ይወርድ ነበር፤ በዚህ አሠራር ግን ሰርቨሩ በክፍሉ ውስጥ፣ ቁልፉም በአሠልጣኙ እጅ ነው።

በእርግጥ ይህ አሠራር ወሰን አለው። ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ አዳዲስ ፕሮግራሞችን ለማውረድ፣ ከሌላ ሀገር ባለሙያዎች ጋር አብሮ ለመሥራት፣ የተሠራውንም ገጽ ለዓለም ለማሳየት ኢንተርኔት የግድ ነው። ሆኖም ለጀማሪው መሠረት የሚሆነው ትምህርት አብዛኛው ያለ ኢንተርኔት ሊሰጥ ይችላል።

5. በክፍል ውስጥ

ለምሳሌ ያህል አንድ ትምህርት እንውሰድ። አሠልጣኙ በጣና ሐይቅ ላይ የታወቀውን፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዘጌ፣ በደቅ፣ በቁንዝላና በደልጊ በኩል ጎርጎራ የሚደርሰውን የጀልባ መሥመር የሚያሳይ ገጽ ያዘጋጃል። የወደቦቹ ዝርዝር ቅደም ተከተል ስላለው በቁጥር ይጻፋል፤ በጀልባው የሚጫነው የዕቃ ዓይነት ቅደም ተከተል ስለሌለው በነጥብ ይጻፋል። ሠልጣኙ የሁለቱን ዝርዝሮች ልዩነት ከትርጉማቸው ይረዳዋል እንጂ በቃሉ አይሸመድደውም።

ቀጥሎ አሠልጣኙ የአንዱን ወደብ ስም የሚያደምቀውን ታግ መዝጊያ ያጠፋና ገጹ ከመከፈቱ በፊት «ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ግምቱን በደብተሩ ይጽፋል፤ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፤ ከዚያ ገጹ ይከፈታል። ከስሙ በኋላ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ደምቆ ሲታይ በትክክል የገመተው ምክንያቱን ላልገመተው ያስረዳል። የፊደሉን አመዘጋገብ የሚገልጸው መሥመር ሲጠፋም አማርኛው ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ስለሚችል ከላይ የተጠቀሰው የዩኒኮድ ታሪክ በዓይን የሚታይ ትምህርት ይሆናል።

ኮምፒዩተር ባነሰበት ክፍል ሁለት ሠልጣኞች በአንዱ መሥራታቸው እንደ ጉድለት ብቻ መታየት የለበትም። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ስሕተት ይለቅማል። ይሁን እንጂ አሠልጣኙ በየአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃው ካላፈራረቃቸው ቀድሞ የሚያውቀው ቁልፍ ሰሌዳውን ይዞ ይቀራል፤ ያላወቀውም ተመልካች ሆኖ ሥልጠናውን ይጨርሳል። በምዘና ዕለት የሚደናገረውም ይኸው ተመልካች የነበረው ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው ባሕር ዳር የሥራንም የማስተማርንም ትምህርት ቤት ያየች ከተማ ናት። ከዚህ ታሪክ ለኮሌጆቻችን ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የኮምፒዩተር አሠልጣኞች የሙያ ማሻሻያ ኮርስ በተሰጣቸው ቁጥር የማስተማር ዘዴም አብሮ ሊሰጣቸው ይገባል። ሁለተኛ፣ የኢንተርኔት መሥመር እስኪሟላ ሳይጠበቅ ለእያንዳንዱ የኮምፒዩተር ክፍል የውስጥ ሰርቨር ሊመደብ ይገባል። ሦስተኛ፣ የክፍሉ ሪፖርት የኮምፒዩተሮቹን ብዛት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ሠልጣኝ በሳምንት ስንት ሰዓት በእጁ እንደሠራም መግለጽ አለበት።

ወደፊትም አዳዲስ መሣሪያዎች መምጣታቸው አይቀርም። ግዢው ከመወሰኑ በፊት ስለ እያንዳንዱ ሦስት ጥያቄዎች ይቅረቡ፤ መምህሩ ሊያቆመው ይችላልን? ተማሪው ሊሞክረውና ሊሳሳትበት ይችላልን? መሥመሩ በተቋረጠ ዕለት በክፍሉ ውስጥ ምን ይቀራል?