የአነስተኛ የአፈር ግድቦች ዕድሜና የተፋሰስ እንክብካቤ

አነስተኛ የአፈር ግድብ የክረምት ጎርፍን አቁሮ በበጋ ለመስኖ፣ ለከብቶች መጠጥና ለቤት አገልግሎት እንዲውል የሚያደርግ መዋቅር ነው። ግድቡ በአካባቢው ከሚገኝ አፈርና ድንጋይ በንብርብር እየተጠቀጠቀ የሚሠራ ሲሆን፣ ውኃ እንዳያሳልፍ በአብዛኛው መካከሉ በሸክላማ አፈር ይሞላል። በሀገራችን አመዳደብ እስከ 200 ሄክታር የሚያለማ የመስኖ ሥራ አነስተኛ ተብሎ ይጠራል።

ግድቦቹ በስፋት ከተሠሩባቸው አካባቢዎች አንዱ ትግራይ ነው። በ1987 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የክልሉ የዘላቂ ግብርናና የአካባቢ ተሃድሶ ኮሚሽን በአሥር ዓመታት ውስጥ 500 ግድቦችን በመሥራት 50 ሺህ ሄክታር መሬት በመስኖ ለማልማት አቅዶ ነበር። ይሁን እንጂ በዘመኑ የተሠሩት ግድቦች ከመቶ በታች ናቸው። ከተሠሩትም በርካታዎቹ በዕቅድ የተያዘላቸውን መሬት ማልማት አልቻሉም።

ለዚህ በዋናነት የሚጠቀሱት ምክንያቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በጥናት ወቅት የጎርፉ መጠን ከእውነታው በላይ መገመቱ ነው። ሁለተኛው ውኃው በግድቡ መሠረትና ዳርቻ መስረጉ ሲሆን፣ ሦስተኛው የደለል ክምችት ነው። በአክሱም ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የማይ ንጉሥ ግድብ በደለል ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ይጠቀሳል።

በንድፍ ወቅት ከውኃ መውጫው በታች ለደለል የሚሆን ስፍራ ይተዋል። ይህ ስፍራ ቀድሞ ከሞላ መውጫው ይደፈናል፤ ግድቡም ሳይፈርስ አገልግሎቱ ይቋረጣል። የተጠራቀመውን ደለል ማውጣት ከፍተኛ ወጪና ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ አፈሩን በመጣበት ቦታ ማስቀረት ይመረጣል። በመሆኑም የእርከን፣ የክትርና የተራራ ከለላ ሥራዎች ከግድቡ ግንባታ በፊት መጀመር ይኖርባቸዋል።

የአፈር ግድብ ውኃ በአናቱ ላይ ከፈሰሰበት በአጭር ጊዜ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ የትርፍ ውኃ ማስተንፈሻው ከክረምት በፊት መጽዳት አለበት። በግድቡ አካል ላይ የሚበቅሉ ዛፎችና ጉድጓድ የሚቆፍሩ እንስሳት ለውኃ መንገድ ስለሚከፍቱ በየጊዜው ሊወገዱ ይገባል።

የጤና ጉዳይም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ በትግራይ የተካሄደ ጥናት፣ በግድቦች አቅራቢያ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የወባ በሽታ ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ ያህል በልጦ መገኘቱን አመልክቷል። ይህም የጤና ባለሙያዎች ከቦታ መረጣው ጀምሮ መሳተፍ እንዳለባቸው ያስረዳል።

የውኃ ክፍፍልን በተመለከተ አርሶ አደሩ የራሱ ነባር ሥርዓት አለው። በብዙ አካባቢዎች በተጠቃሚዎች የሚመረጡ የውኃ አባቶች፣ በትግራይ ደግሞ አቦ ማይ የሚባሉት፣ ተራ ያስይዛሉ፤ ቦይ ያስጠርጋሉ፤ አለመግባባትንም ይዳኛሉ። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ተጠቃሚዎች በማኅበር ተደራጅተው የመስኖ አውታሩን እንዲያስተዳድሩ ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷል።

በመሆኑም አንድ ግድብ ተጠናቅቆ ለኅብረተሰቡ ሲተላለፍ፣ የተፋሰሱ እንክብካቤ በማን እንደሚመራ፣ ማስተንፈሻውን ማን እንደሚያጸዳና የጥገናው ወጪ ከየት እንደሚሸፈን አስቀድሞ ተወስኖ በጽሑፍ ሊሰፍር ይገባል። እነዚህ ሳይወሰኑ የተረከበው ቀበሌ፣ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ በግድቡ ውስጥ የሚያገኘው ውኃ ሳይሆን ደለል ሊሆን ይችላል።