ሰንሰል፣ የሌሊት ወፍና ዓባይ

በደቡብ ወሎ፣ በወግዲና በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ የበሽታው ስም ወዲያው ይወጣለታል፦ የወፍ በሽታ። ጥፋተኛዋም አትጠፋም። የሌሊት ወፍ ሽንቷ ነክቶት ነው ይባላል። መድኃኒቱ ደግሞ እደጅ ነው። ሰንሰል፣ ስሚዛ የሚሉትም አሉ፣ የጓሮ አጥር ሆኖ ይበቅላል። ለጋው ቅጠል ይቀጠፋል፣ ይወቀጣል፣ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ክንዱን በጋለ ብረት የሚያስተኩስም አለ።

ብዙው ሰው ይድናል፤ ባህሉ የቆየውም በዚህ ነው። ዓይንን ቢጫ የሚያደርጉት የጉበት ቫይረሶች ግን አንድ አይደሉም። ሄፓታይተስ ኤና ኢ በተበከለ ውኃና ምግብ ይገቡና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ (ኢ ለነፍሰ ጡር ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል)። ሰንሰል ስሙን ያተረፈው ሊሄድ በተነሣ በሽታ ላይ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ሌላ ጉድ ነው። ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ ኋላም በደም፣ በጋራ ምላጭ ይተላለፋል። በሕፃንነታቸው ከሚያዙት ከ10ሩ 9ኙ ጋር ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ ዓይንን ቢጫ ሳያደርግ። ሆድ ውኃ ሲቋጥርና ሰውየው ሲከሳ ጉበቱ ጠባሳ ሆኗል፣ ወይም ካንሰር ይዞታል። ያኔም የሚሰጠው ስም ያው የወፍ በሽታ ሊሆን ይችላል።

የቫይረሱ ምልክት በደም ውስጥ የታወቀው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በአዲስ አበባ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጉበት ሕሙማንን እየተከታተሉ አጠኑ። በ1988 እ.ኤ.አ. የታተመው አገር አቀፍ ጥናት 5,270 ወጣት ወንዶችን መርምሮ ከመቶው ወደ 11 የሚሆኑት ቫይረሱን እንደተሸከሙ አገኘ። ያም ጤነኛ ነኝ ብሎ በሚኖር ወጣት መካከል ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩን ከዓባይ ጋር ቁልቁል መከተል ያስፈልጋል። ወንዙ ወግዲን ከምሥራቅ ጎጃም ለይቶ ይወርዳል፤ ግብፅ ሲደርስ የሚያገኘው የጉበት ታሪክ ሌላ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የግብፅ መንግሥት ገበሬውን ከቢልሃርዚያ ለማዳን በዘመቻ መርፌ ወጋ። ሲሪንጁ ከሰው ሰው ይዞር ነበርና ሄፓታይተስ ሲ አብሮ ተዛመተ። አንዱን ጉበት አጥፊ ለማባረር ሲባል ሌላው ገባ።

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ9 የአፍሪካ አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ 2,566 የጉበት ካንሰር ሕሙማንን አነጻጸረ። በግብፅ ዋናው መንስኤ ሲ ነበር፣ በሌሎቹ ቢ። የግብፆቹ መካከለኛ ዕድሜ 58፣ የሌሎቹ 46። ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ የግብፆቹ መካከለኛ የዕድሜ ቆይታ 10.9 ወር፣ የሌሎቹ 2.5 ወር ብቻ።

ልዩነቱን ሁሉ በቫይረሱ ማሳበብ ግን ስሕተት ነው። ቢ ያለ ጠባሳም ካንሰር ሊያመጣ ስለሚችል በጎልማሳው ላይ ሳይታሰብ ይወድቃል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ለካንሰሩ ሕክምና ያገኙት ግብፅ ውስጥ ከመቶ 76፣ በሌሎቹ 3 ነበሩ። መንስኤው ካንሰሩ ማንን በስንት ዓመቱ እንደሚይዝ ይወስናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ወራት የሚወስነው በአብዛኛው ቀድሞ መገኘቱና መታከሙ ነው።

በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ፕሮግራም ተጀመረ። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ነው፤ ለኤች አይ ቪ ሲሰጥ የኖረው። ቫይረሱን አያጠፋም፣ ያደክመዋል፣ ካንሰሩንም ያርቃል።

የሕፃናቱ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት አገር ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የወግዲ ሰው በሕፃንነቱ አላገኘውም። እናቱ ወይም ወንድሙ ሆዱ አብጦ የሞተበት ካለ፣ ሰንሰሉ አጥር ሆኖ ይቆይለትና ደሙን ያስመርምር።