ከአኻያ ቅርፊት እስከ ጄል፦ የሕመም ማስታገሻ ቅባት ታሪክ

የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመምን ለማስታገስ የሚቀቡት ፀረ-ብግነት መድኃኒቶች፣ ማለትም አንድ የአካል ክፍል ሲቀላ፣ ሲያብጥና ሲያተኩስ የሚታየውን መቆጣት የሚያበርዱ ክሬሞችና ጄሎች፣ የዘር ሐረጋቸው ከአኻያ ዛፍ ይመዘዛል። እንግሊዛዊው ቄስ ኤድዋርድ ስቶን የአኻያን ቅርፊት አድርቆና ፈጭቶ ትኩሳት ለያዛቸው 50 ያህል ሰዎች ከሰጠ በኋላ ያየውን ውጤት በ1763 እ.ኤ.አ. ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አሳወቀ፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኬሚስቶች ከዚሁ ቅርፊት ንጥረ ነገር ሳሊሲሊክ አሲድን አገኙ፤ በ1899ም አስፕሪን ለገበያ ቀረበ።

የቅባቱ ታሪክ የሚጀምረው የዚሁ አሲድ ዘመድ ከሆነውና ዊንተርግሪን ከተባለ ተክል ዘይት ከሚገኘው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው። ፈረንሳዊው ዡል ቤንጌ በስሙ የተጠራውን ቅባት በዚህ ቅመምና በሜንቶል አዘጋጀ፤ ሽታው ጠንካራ፣ አቀባቡም ቀላል ስለሆነ ብዙዎች ጉዳት የሌለው መሰላቸው፤ ይሁን እንጂ አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት 7 ግራም ያህል አስፕሪንን ስለሚመጥን፣ ልጅ ቢውጠው ለሞት ሊያበቃው ይችላል።

የጉዳቱንም የፈውሱንም ምንጭ በ1971 የገለጠው እንግሊዛዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ጆን ቬን ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምና እብጠት የሚቀሰቅሱትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ ያግዳሉ፤ ሆኖም እነዚሁ ኬሚካሎች የጨጓራን ሽፋንና የኩላሊትን የደም ዝውውር ስለሚጠብቁ ክኒኑ ሕመሙን ሲያስታግስ ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። ከእነዚሁ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ዲክሎፌናክ በጄል መልክ መዘጋጀቱ ይህን ጉዳት ቀንሷል፤ በአንድ ጉልበት ላይ ሲቀባ ወደ ደም የሚገባው መጠን ክኒኑ ከሚያስገባው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነውና።

በአሜሪካ ይህ ባለ 1 በመቶ ጄል በ2007 በሐኪም ትእዛዝ፣ በ2020 ደግሞ ያለ ትእዛዝ እንዲሸጥ ሲፈቀድ፣ ተጠቃሚው በግምት እንዳይቀባ የመለኪያ ካርድ አብሮት ይሰጥ ነበር፤ ለጉልበት 4 ግራም፣ ለእጅ 2 ግራም፣ በቀን አራት ጊዜ። በቁስል ላይ አለመቀባት፣ በፋሻ አለመሸፈን፣ የሚታከመው እጅ ራሱ ካልሆነ ከቀቡ በኋላ እጅን መታጠብ፣ ተመሳሳይ ክኒን ያለ ሐኪም ምክር አለመደረብ፣ እርግዝና 20 ሳምንት ከሞላው አስቀድሞ ሐኪምን መጠየቅ የሚሉት መመሪያዎች፣ እንዲሁም ኬቶፕሮፌን የተባለ ሌላ ፀረ-ብግነት መድኃኒት የተቀባን ቆዳ በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ከፀሐይ መከለል የሚለው ማሳሰቢያ፣ ሁሉም ቅባቱ መድኃኒት መሆኑን የሚያስታውሱ ናቸው። ስለዚህ ቅባትን ከመድኃኒት ያለመቁጠር ልማድ መታረም ይገባዋል፤ በቆዳ የሚገባው ጥቂት ቢሆንም የሚሠራው ያው መድኃኒት ነውና።