የሰሎሞን መዳብና የዝቃጭ መርማሪዎች

የንጉሥ ሰሎሞንን ስም በአገራችን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ከዓቃባ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ስለ ተገኘው የጥንት መዳብ ማቅለጫ የተነሣው ክርክር ለእኛም መልካም ትምህርት ይሰጠናል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካዊው የአርኬኦሎጂ ሊቅ ዶክተር ኔልሰን ግሉክ በ1934 ከሙት ባሕር ወደ ደቡብ በሚወርደው በዓረባ ሸለቆ ሲዘዋወሩ የጥቁር ዝቃጭ ክምር አዩ። ይኸውም የመዳብ ድንጋይ ቀልጦ መዳቡ ሲለይ የሚቀረው ነው። ግሉክም ይህ የሰሎሞን ሥራ ነው አሉ። ደግሞ ከ1938 እስከ 1940 ድረስ፣ በመጽሐፈ ነገሥት የተጻፈችው ዔጽዮንጋብር ናት ብለው ባመኑባት ኮረብታ ላይ ቆፈሩ። በዚያም በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች ስላዩ፣ ቤቱ ማቅለጫ እንደ ነበረና የሰሜን ነፋስ በቀዳዳዎቹ እየገባ እንደ ወናፍ እሳቱን ያናፋ እንደ ነበረ ገመቱ።

ነገር ግን የእሳትና የማዕድን ነገር የራሱን ዐዋቂ ይሻል። ከ1959 ጀምሮ ሸለቆውን ያጠኑት ቤኖ ሮተንበርግ ብቻቸውን አልፈረዱም፤ እንግሊዛዊውን ሮናልድ ታይልኮትን የመሰሉ የብረታ ብረት ሊቃውንት ፈልገው አብረው ሠሩ። የዝቃጭ መርማሪ ዝቃጩን በስሱ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ በውስጡ የቀረውን መዳብ ይለካል፤ ከዚህም የእሳቱን ኃይልና የቀጥቃጩን ብልሃት ያውቃል። የግሉክ ቀዳዳዎችም የነፋስ መግቢያ ሳይሆኑ የግድግዳው እንጨቶች ያረፉባቸው ቦታዎች ሆነው ተገኙ። ግሉክ በ1965 ስሕተታቸውን በጽሑፍ አመኑ፤ ይህም ለሊቅ ክብር ነው እንጂ ውርደት አይደለም።

በ1969 በዚያው ሸለቆ፣ ቲምና በሚባለው ስፍራ፣ ሐቶር የተባለችው የግብጻውያን አምላክ መቅደስ ተገኘ፤ የፈርዖኖችም ስም ነበረበት። ስለዚህ ብዙዎች ማዕድኑ የግብጽ ነበረ፣ የሰሎሞን ዘመን ከዚህ የለበትም አሉ። በ2013 ግን ፕሮፌሰር ኤሬዝ ቤን ዮሴፍ በቲምና ከአንድ የማቅለጫ ሰፈር የተምር ፍሬ አውጥተው በካርቦን 14 ቢያስመረምሩ፣ ሰፈሩ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት፣ ማለት ዳዊትና ሰሎሞን ነበሩበት በሚባለው ዘመን፣ የሠራ ሆነ። የሆነ ሆኖ ዘመኑ ታወቀ እንጂ የባለቤቱ ነገር ገና ያከራክራል፤ ቤን ዮሴፍ የኤዶማውያን ነው ይላሉ።

እንግዲህ ታሪክ የሚወድ ተማሪ ኬሚስትሪን አይናቅ፤ ኬሚስትሪ የሚወድም ታሪክን አይናቅ። በእርሻም ሆነ በመንገድ እንዲህ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ክምር ያየ፣ ከቦታው ሳያነሣ ለመምህሩ ይንገር። የማይረባ የሚመስለው ጠጠር ዐዋቂ ካገኘ ይመሰክራልና።