አባቱን ለመቅበር ፈቃድ የጠየቀው ሰው

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ አንድ ደቀ መዝሙር መምህሩን ፈቃድ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ሄጄ አባቴን ልቅበር ይላል። የሚያገኘው መልስ ሙታኑን ለሙታን ትተህ ተከተለኝ የሚል ነው። እስቲ ይህን ነገሌ ቦረና ሆናችሁ አንብቡት። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ለዓመታት በሚታማበት አገር መልሱ ጆሮን ጭው ያደርጋል።

ታዲያ ለምን እንዲህ ተባለ? መልሱ ያለው ያኔ ሰው እንዴት ይቀበር፣ እንዴትስ ይማር እንደነበር ላይ ነው።

ከቀብሩ እንጀምር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ይሁዳ ውስጥ ሬሳ አያድርም፤ በልማዱ የዚያኑ ዕለት ይቀበራል። ይታጠባል፣ ሽቱ ይደረግለታል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል። ነገሌ ውስጥ ሙስሊም ጎረቤቱን የቀበረ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ እጥበቱም ጥድፊያውም ያው ነው። የአማርኛው ወንጌል «ከፈነ» የሚለው ቃልና የሙስሊሞቹ «ከፈን» ሥራቸው አንድ ነው።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። በኢየሩሳሌም ዙሪያ አቅም ያለው ቤተሰብ ሬሳውን ከዓለት በተፈለፈለ መቃብር ያኖራል። ከዓመት ገደማ በኋላ ተመልሶ አጥንቱን ይለቅምና በትንሽ የድንጋይ ሣጥን ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢየሩሳሌም ውስጥ ከተገኙት ሣጥኖች አንዱ ላይ የቀያፋ ስም ተቀርጿል።

እንግዲህ የዚያ ሰው ፈቃድ የአንድ ከሰዓት ላይሆን ይችላል። አባቱ የዚያን ዕለት ሞቶ ቢሆን መንገድ ላይ ምን ይሠራል? አንዳንድ ተመራማሪዎች አጥንት የሚለቀምበትን ጊዜ እየጠበቀ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አባቱ ገና በሕይወት አለ፣ «እስኪሞት ልጡረው» ማለቱ ነው ይላሉ።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ተማሪው ደብተር የለውም። መምህሩ ተቀምጦ ይናገራል፤ እሱ እግሩ ሥር ሆኖ ይደግማል፣ ሲሄድም ይከተለዋል፣ ኑሮውን ሳይቀር ያጠናል። የአይሁድ መምህራን የቃል ትምህርት ሚሽና ተብሎ የተሰበሰበው እ.ኤ.አ. በ200 አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ሃርድ ዲስኩ የሰው ጭንቅላት ነበር። ቦረና ይህን ያውቀዋል፤ በየ8 ዓመቱ በሚደረገው ጉሚ ጋዮ የገዳ ሕግ የሚነሳው በቃል ነው። የቆሎ ተማሪም ቅኔውን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው፣ ያውም ከቤተሰቡ ርቆ።

በቃል የሚኖር ትምህርት ካልተጣበቀ ይጠፋል። በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፈው ግመል ለዚህ ነው የመጣው፤ ግመል በየዕለቱ የሚያይ የቆላ ሰው ምሳሌውን አይረሳም። የሙታኑ አባባልም የዚሁ ዘዴ ልጅ ነው። ከሁሉ የከበደውን ግዴታ ያነሳና «ይህ እንኳ አይቅደም» ይላል። ቀብር ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ አባባሉ ባዶ ይሆን ነበር።

ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለሥራ ከቤተሰብ ርቀን፣ ለቅሶ በስልክ የምንደርስ ብዙ ነን። ይህን ጥቅስ ለመቅረታችን ሰበብ ማድረግ ያምረናል፤ ግን አይሆንም። ያ ሰው የተጠየቀው የሚከብደውን እንዲጥል ሳይሆን የሚወደውን እንዲተው ነው። ይከተል ወይም ይመለስ፣ ማቴዎስ አይነግረንም።