ሁለት አጥሮች፤ የኮምቦኒ ሜዳና የምሥራቅ ሱዳን ስደተኞች

በ1929 ሱዳን ውስጥ ሁለት ሥራዎች ፍጻሜ አገኙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በከሰላ አድርጎ ገዳሪፍ የገባው የባቡር ሐዲድ በዚያ ዓመት ሴናር ላይ ከዋናው የሀገሪቱ መሥመር ጋር ተገናኘ። በዚያው ዓመት የኮምቦኒ ማኅበር ካቶሊካውያን ሚሲዮናውያን ካርቱም መሐል ከተማ ላይ ኮምቦኒ ኮሌጅ የተባለውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሐዲዱ የምሥራቁን ጥጥ፣ ማሽላና ሰሊጥ ወደ ወደብ አወረደ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ የኮፕት፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የሶርያና የሱዳናዊ ሙስሊም ልጆችን፣ ኋላም ኤርትራውያንንና ኢትዮጵያውያንን በአንድ ግቢ አስቀመጠ። ገዳሪፍና ያ ግቢ በሐዲድ ከተያያዙ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ከተማዋ በወጣት ስደተኞች ሠፈራ ተከበበች፤ አብዛኞቹ ግን የኮሌጁን በር ሳያዩ አደጉ። ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ርቀት፣ ሃይማኖት ወይም የክፍያ ገንዘብ ነው። እኔ ዋናው ምክንያት ሕግ ነው ባይ ነኝ። የኮምቦኒን ትምህርት ቤቶች ጠንካራ ያደረጋቸው በሚሲዮኑ ላይ የታጠረ አጥር ነበር፤ የምሥራቁን ልጆች ያስቀረው በተማሪው ላይ የታጠረው ሌላው አጥር ነው።

የመጀመሪያው አጥር ሥሩ በማህዲስቶች ዘመን ነው። ትምህርት ቤቶቹ ስሙን የያዙለት ጣሊያናዊው ጳጳስ ዳንኤል ኮምቦኒ አፍሪካን በአፍሪካውያን የማዳን ዕቅዱን ያወጣው በ1864 ሲሆን፣ ያረፈው ጥቅምት 10 ቀን 1881 ካርቱም ውስጥ ነው። ሙሐመድ አሕመድ ማህዲ ነኝ ብሎ ከተነሣ ገና ጥቂት ወራት መሆኑ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ማዕበል ሚሲዮኑን ጠራርጎ ወሰደ፤ ካህናቱና መነኮሳቱ ለዓመታት እስረኞች ሆኑ። ይኸው ኃይል በመጋቢት 1889 መተማ ላይ ከአፄ ዮሐንስ ጦር ጋር ተዋግቶ ንጉሠ ነገሥቱ የወደቁበት መሆኑን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስታወስ አያሻም። እንግሊዞችና ግብፆች በ1898 ሀገሩን ሲይዙ (ገዳሪፍ የተያዘችው በዚያው ዓመት መስከረም ነው) ዋናው ስጋታቸው ሌላ ማህዲ እንዳይነሣ ነበር። ስለዚህ በሙስሊሙ ሰሜን ሚሲዮናውያን እንዳይሰብኩ ከለከሉ፤ ወላጆች እስከፈቀዱ ድረስ ትምህርት ቤት መክፈትን ግን ፈቀዱ። ነፍስ ልታድን የመጣች ቤተ ክርስቲያን ሒሳብና እንግሊዝኛ እንድታስተምር ተገደደች ማለት ነው። ለካህናቱ ቅሬታ ሳይሆን አልቀረም። ለትምህርት ቤቱ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልነበረም፤ ልጁን የሚልክ ሙስሊም ወላጅ ልጄን ይነጥቁኛል ብሎ የሚሰጋበት ምክንያት ተቀነሰለት፣ ትምህርት ቤቱም ተማሪ የሚስብበት ነገር የትምህርቱ ጥራት ብቻ ሆነ።

ይህ ግምት ብቻ እንዳይመስል ደቡቡን ማየት ነው። በደቡብ ሱዳን ሚሲዮናውያን የስብከት ፈቃድ ነበራቸው፤ የመደበኛ ትምህርቱም ሥራ በአብዛኛው በእጃቸው ነበር። ነጻነት በመጣ በዓመቱ፣ በ1957፣ የካርቱም መንግሥት እነዚያን ትምህርት ቤቶች ወረሰ። በ1960 የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ ሲዞር የደቡብ ተማሪዎች አመፁ፤ በ1964 የውጭ ሚሲዮናውያን በሙሉ ከደቡብ ተባረሩ። ሰፊ ሥልጣን የነበራቸው በደቡብ ሁሉንም ሲያጡ፣ ጠባብ ጥግ የተሰጣቸው የሰሜኖቹ ትምህርት ቤቶች ቀጠሉ። እርግጥ የሰሜኖቹ የተረፉት የባለሥልጣንና የነጋዴ ልጆች ስለሚማሩባቸው ነው የሚል ተቃውሞ አለ። እውነትነት አለው፤ ክፍያ ነበራቸው፣ ሹማምንትም ልጆቻቸውን ይልኩ ነበር። ነገር ግን ተቃውሞው ራሱ የሚያረጋግጠው ነገር አለ። የሙስሊም ሹም ልጁን ካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚልከው ስብከቱ ስለታጠረ ነው። በ1983 ሸሪዓ ከታወጀ በኋላም፣ ከ1989 መፈንቅለ መንግሥት በኋላም በሮቹ አልተዘጉም። ደግሞም የካርቱም ሀገረ ስብከት በ1980ዎቹ ከደቡብ ጦርነት ሸሽተው በዋና ከተማዋ ዳርቻ ለሰፈሩ ልጆች ትምህርት ቤቶች ከፍቷል፤ እነዚያ የሹም ልጆች አልነበሩም።

ቅርጫት ኳስ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ሱዳን የእግር ኳስ ሀገር ናት፤ ከግብፅና ከኢትዮጵያ ጋር ሆና የአፍሪካን ዋንጫ ጀምራለች፣ የ1957ቱም የመጀመሪያ ውድድር ካርቱም ላይ ነው የተካሄደው። እንዲህ ባለ ሀገር የትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ምን ታሪክ አለው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። መልሱ በጨዋታው ተፈጥሮ ውስጥ ነው። እግር ኳስ የሰፈር ነው፤ የአቧራ ሜዳና የጨርቅ ኳስ ይበቃዋል፣ ትልልቆቹ ክለቦች ሂላልና መሪኽም የኦምዱርማን ሰፈሮች ፍቅርና ጠብ የወለዳቸው ናቸው። ቅርጫት ኳስ ግን ሲሚንቶ፣ ሁለት ምሰሶ፣ የሚጠበቅ ግቢና ሰዓት የሚያከብር አሠልጣኝ ይፈልጋል። በ1891 በአሜሪካዋ ስፕሪንግፊልድ ሲፈጠርም ለክረምት አዳራሽ የታሰበ የትምህርት ቤት ጨዋታ ነበር፤ የቺካጎ ካቶሊኮች ከ1924 እስከ 1941 ድረስ በየዓመቱ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን በሀገር አቀፍ ደረጃ ያወዳድሩ የነበረው ግቢ ስላላቸው ነው። በካርቱምም ጨዋታው የትምህርት ቤቶች፣ የግሪክና የአርመን ማኅበራት፣ የካቶሊክ ክበብ ሆነ። ከጠባብ መደብ የወጣ ቢሆንም ከንቱ አልነበረም፤ በ1962 ካይሮ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ሱዳን ሁለተኛ ወጥታለች። አምስት ለአምስት የሚጫወት ቡድን ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በጥቂት ልጆች ስለሚሠራ አንዱን በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ለይቶ ማስቀረት ቡድኑን ራሱን ይጎዳል። ረጅም ልጅ ካለህ ታሰልፈዋለህ።

ከሁሉ የረዘመው ማኑት ቦል ነበር፤ 2 ሜትር ከ31። ዲንካ ነው፤ ጨዋታውን ዋው ላይ ጀመረ፣ የመጀመሪያ ጊዜ ዘሎ ኳሷን ከላይ ሲከት ጥርሶቹን በቅርጫቱ ብረት አወለቀ። ወደ ካርቱም መጥቶ በካቶሊክ ክበብ ተጫወተ፤ በሰሜኖቹ ዘንድ ንቀት እንዳልቀረለትም በሕይወት ታሪኩ ተጽፏል። በ1982 የሱዳንን ብሔራዊ ቡድን ሊያሠለጥን የመጣ አሜሪካዊ ወደ ሀገሩ እንዲሄድ ገፋፋው፤ በ1985 የዋሽንግተን ቡሌትስ ቡድን ተጫዋች ሆነ። ኋላም ካይሮ ውስጥ ከቤተሰቡ ጋር ተሰድዶ ለነበረው ለደቡብ ሱዳናዊው ሉኦል ዴንግ ጨዋታውን ያስተማረው ቦል ነው። ዴንግ ለንደን ሲደርስ የተማረው በክሮይደን ቅድስት ማርያም ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ኋላም የደቡብ ሱዳን ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ብሔራዊ ቡድኑም በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን አሸንፏል። ከዚህ ተነሥቶ ሁሉንም ለካቶሊክ ግቢ መስጠት ግን ማጋነን ነው፤ የቦልን ቁመት ያሳደገ ካህን የለም። ግቢው ያደረገው ትንሽ ነገር ነው፤ ከዋው ተነሥቶ ካርቱም ለደረሰ ልጅ ኳስና ቅርጫት አዘጋጅቶ ጠበቀው። ለዚያም ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ልጁ ከዋው ተነሥቶ ካርቱም መድረስ መቻል ነበረበት። ቦል የተናቀ ዜጋ ቢሆንም ዜጋ ነበር፤ ለመንገዱ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ አላስፈለገውም። (ክበቡ ራሱ በ1990ዎቹ መጨረሻ በመንግሥት ተወርሶ የገዥው ፓርቲ ቢሮ ሆነ። ስብከቱን አጥሮ ያኖረው ሥርዓት ቀርቶ ሌላ ሥርዓት ሲመጣ የመጀመሪያው አጥር ሁልጊዜ እንደማይከልል ያሳያል።)

በምሥራቅ የነበረው ልጅ ዕጣ ሌላ ነው። በ1967 መጀመሪያ ከኤርትራ ቆላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ከሰላ ገቡ፤ ከ1974 አብዮት በኋላ ደግሞ ከጎንደርና ከትግራይ በመተማና በሑመራ በኩል ወደ ገዳሪፍ መጡ። ከከተማዋ አጠገብ ተዋዋ፣ በስተደቡብ ኡም ራኩባ ተመሠረቱ፤ በ1984ና 85 ድርቅ ጊዜ እነ ዋድ ኮውሊ ተጨመሩ። ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል ከመወሰዳቸው በፊት የቆዩት ኡም ራኩባ ነበር። ሱዳን በ1974 ያወጣችው የጥገኝነት ሕግ ስደተኛውን ተቀበለ፤ ነገር ግን ከተመደበለት ቦታ ያለፈቃድ እንዳይወጣ አዘዘ። የይለፍ ወረቀቱ፣ ተስሪሁ፣ የሕይወት ዋና ጉዳይ ሆነ። ያለ ወረቀት ካርቱም የደረሰ ወጣት ካሻ በሚሉት አፈሳ ተይዞ ወደ ምሥራቅ የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነበር። በገዳሪፍና በከሰላ የካቶሊክ ደብሮች ነበሩ፤ ነገር ግን የትምህርት ቤቶቹ ክብደት ዋና ከተማዋ ላይና ፖርት ሱዳን ላይ ነበር። ገዳሪፍ ላይ የቆመ ልጅ ባቡሩ ሲያልፍ ያያል። የሚቆርጠው ቲኬት ግን ፖሊስ ጣቢያ ላይ የሚያልቅ ነው።

ሱዳን ደሃ ሀገር ሆና ብዙ ስደተኛ አስጠግታለች፣ ሠፈራ ማበጀቷ ለመርዳትም ለጸጥታም የግድ ነበር የሚል መልስ እጠብቃለሁ፤ ተገቢም ነው። በደርግ ዘመን የጠረፉ ሠፈራዎች የጦር ድርጅቶች መመልመያ እንደነበሩ ማንም አይክድም። ትምህርትም ጭራሽ አልነበረም አይባልም፤ የአንደኛ ደረጃ ክፍሎች ነበሩ፣ በ1984 ደግሞ ለስደተኞች በርቀት የሚያስተምር ተቋም ካርቱም ላይ ተቋቁሞ የትምህርት ጽሑፍ ወደ ሠፈራዎቹ ይልክ ነበር። ግን ይህን ማየት ያስፈልጋል፤ የርቀት ትምህርት የተፈለገው ተማሪው ወደ ትምህርቱ መሄድ ስላልተፈቀደለት ነው። ጽሑፉ አጥሩን ያልፋል፣ ልጁ አያልፍም። ከወረቀት የሚገኘው ዕውቀት በዚህ መንገድ ይደርሳል፤ የክፍል ጓደኛ፣ ቡድን፣ በኋላ ሥራ የሚጠቁም የቀድሞ ተማሪ ግን በፖስታ አይላክም። ከሠፈራ ሾልከው ካርቱም የደረሱት ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን በኮምቦኒ ክፍሎች ውስጥ ገብተው ተምረዋል፤ ከዚያም በየሀገሩ ተበትነዋል። በሃይማኖት ወይም በድህነት ብቻ ቢሆን የታገዱት እነዚህም ባልገቡ ነበር፤ ከቀሩት የሚለያቸው በመንገዱ ላይ አለመያዛቸው ነው።

ኅዳር 2020 ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ በዚህ ጊዜ ከትግራይ ለመጡት። በቀጣዩ ጥር ቱናይድባ ተጨመረ። ከዚያ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 የካርቱም ጦርነት ተነሣና ነገሩ ተገለበጠ፤ የካርቱም ሰዎች ራሳቸው ወደ ገዳሪፍ ሸሹ፣ ሌሎችም በጋላባት አልፈው መተማ ገቡ። በ2001 ከኮምቦኒ ኮሌጅ የወጣው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ሥራውን ፖርት ሱዳን ላይ ቀጠለ። ተቋም መሰደድ ይችላል ማለት ነው፤ መምህርና መዝገብ ይዞ የባቡሩን መሥመር ተከትሎ ወደ ወደብ ይወርዳል። ተማሪው ግን የት ነው? ከፊሉ በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ በተባሉት መጠለያዎች ነበር፤ በግንቦት 2024 ደህንነታችን አልተጠበቀም ብለው ከመጠለያዎቹ የወጡ በርካታ ሱዳናውያን በመንገድ ዳርና በጫካ ሰፍረው እንደነበር ይታወሳል። ኢትዮጵያ በ2010 ለኤርትራውያን ከመጠለያ ውጭ የመኖር ፖሊሲ አውጥታለች፣ የ2019ኙ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110ም የመንቀሳቀስ መብትን ጽፏል፤ የሚኖሩበትን ቦታ የመወሰን ሥልጣንም ለመንግሥት ትቷል። የካርቱም ኮሌጅ ተማሪ የነበረ ወጣት ዛሬ ከመጠለያ ወጥቶ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያለ ትምህርት ቤት መግባት የሚችለው ከሁለቱ አንቀጾች የትኛው እንደሚሠራ ሲታወቅ ነው፤ ይህን የሚወስነው የካርቱም ሳይሆን የኛ ቢሮ ነው።