የቡና ማጠቢያ ጣቢያና የወንዝ ውሃ፦ ባለንብረቱም ነዋሪውም ሊያውቀው የሚገባ ሕግ

በጅማ ዞን የእሸት ቡና ለቀማ ሲደርስ የማጠቢያ ጣቢያዎች ቀንና ሌሊት ይሠራሉ። እሸቱ ተፈልፍሎና ተብላልቶ ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ስኳርና ሙጫ የበዛበት ነው። ይህ ውሃ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን ሲያብላሉ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ወንዙ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ ዓሣውም ይሞታል። ከታች ያለው ነዋሪ ግን ለመጠጥ፣ ለከብቱና ለውዱእ የሚቀዳው ከዚያው ወንዝ ነው።

ብዙ ነጋዴ ወንድሞቻችን «የንግድ ፈቃድ አለኝ፣ ግብርም እከፍላለሁ» ብለው ይረካሉ። የንግድ ፈቃድ ግን ፍሳሽ ወደ ወንዝ ለመልቀቅ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

• የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ቆሻሻን ወደ ውሃ ሀብት መልቀቅ ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው ተግባራት ውስጥ ያስገባዋል።

• የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ያለ ይሁንታ እንዳይጀመር ይከለክላል።

• የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ተቆጣጣሪ ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል። በጤና ወይም በአካባቢ ላይ አደጋ ካለ እርምጃው ድርጅቱን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር ይደርሳል። በወንጀልም ድርጅቱ ብቻ ሳይሆን የሥራ ኃላፊው ይጠየቃል።

ባለንብረቱ ምን ያዘጋጅ?

የተለቀመ እሸት ብዙ ሳይቆይ መፈልፈል አለበት። በለቀማ መካከል የተዘጋ ጣቢያ ቡናውን ያበላሻል፣ የቀን ሠራተኛውንም ያለ ገቢ ያስቀራል። ስለዚህ ዝግጅቱ ከወቅቱ በፊት ይሁን።

1. የተሰጡ ፈቃዶችንና የጸደቀውን የግምገማ ሰነድ በአንድ ፋይል ይያዙ። በሰነዱ የገቡትን ግዴታ አንድ በአንድ ያንብቡ።

2. የፍሳሽ ማቆያ ጉድጓዶቹ ለሚገባው እሸት መጠን መብቃታቸውንና አለመሞላታቸውን ያረጋግጡ። ገለፈቱን ከውሃው ለይተው ለኮምፖስት ያውሉት፤ ወንዝ ዳር አይከምሩት።

3. የሚወጣውን ውሃ በላቦራቶሪ አስመርምረው ውጤቱን ከነቀኑ ያስቀምጡ።

4. ተቆጣጣሪ ሲመጣ አይከልክሉ። ናሙናው የት፣ መቼና በማን እንደተወሰደ ይመዝግቡ።

ጠበቃ መቼ?

ብዙዎች ጠበቃ የሚፈልጉት የእግድ ደብዳቤ ከደረሳቸው በኋላ ነው። ጠበቃ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ጣቢያ ሲገዛ፣ ሲከራይ ወይም ሲስፋፋ፣ ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነና የቆየ ጥፋት መኖሩን ለማጣራት ነው። ደብዳቤ ከደረሰ የደረሰበትን ቀን ይጻፉ፤ ይግባኝ የጊዜ ገደብ አለው። በኦሮሚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታው በዚያው ይዘጋጅ። ያልተጣራ ፍሳሽ ግን በክርክር አይጠራም፤ ጠበቃ ጉድጓድን አይተካም።

ወንዙ የተበከለበት ነዋሪስ?

በአዋጅ 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። ፎቶ፣ ቀንና የምስክሮች ስም ይያዙ፤ አቤቱታውን በጽሑፍ አስገብተው የተቀበሉበት ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ያስቀሩ። ለጠበቃ የሚከፍሉት ለሌላቸው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍ አገልግሎት አለው።

ባለጣቢያውና ከታች ያለው ነዋሪ ብዙ ጊዜ በአንድ መስጂድ የሚሰግዱ ጎረቤታሞች ናቸው። ለቀማው ሳይጀመር አብረው ጉድጓዱን ቢያዩ፣ ከብዙ ክስና ቅሬታ ይድናሉ።